ሲጠፋ የሚያቃጥል

ከሚሴ ላይ ለጥገና የሚመጣ የተቃጠለ ቦርድ ሁሉ ጥፋተኛው አስቀድሞ ይታወቅለታል፤ «መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለው» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከጨፋ አንድ አባት ያመጡልኝ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ግን ከመብራት መስመር ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ የሚሠራው ከፀሐይ በሚሞላ 12 ቮልት ባትሪ ነው። «ልጄ፣ መብራት በሌለበት ምን አቃጠለው?» አሉኝ።

ክዳኑን ከፈትኩት። ሰማያዊዋ ሪሌ ደህና ናት፤ ኮይሏን ስለካው 400 ኦም አነበበ። የምታዛት ትራንዚስተር ግን መሀሏ ተሰንጥቋል። በሁለቱ መካከል የዳዮድ ምልክት ቦርዱ ላይ ታትሟል፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን ባዶ ናቸው።

ኮይል ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በአንዴ አይቆምም። እዚህች ሪሌ ላይ 30 ሚሊአምፒር ብቻ ነው፤ ሆኖም ትራንዚስተሯ ስትዘጋ ኮይሉ ያከማቸው ኃይል መውጫ ካጣ ቮልቴጁን ራሱ እየገፋ ወደ መቶዎች ያደርሰዋል። ትራንዚስተሯ፣ ቢሲ547፣ የምትችለው 45 ቮልት ነው። ጋኑ ሞልቶ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ትመታ ነበር ማለት ነው። የድሮ ቤንዚን መኪና ካንዴላም እሳት የሚያገኘው በዚሁ ባሕርይ ነው፤ የቦቢናው ከረንት ሲቋረጥ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይወጣል።

መፍትሔው 1ኤን4007 የሚባለው፣ ከየትኛውም አሮጌ ቦርድ የሚነቀል ዳዮድ ነው። በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ ሆኖ ይበየዳል። ሪሌው ሲሠራ ዝም ይላል፤ ሲጠፋ ከረንቱ በእሱ በኩል እየዞረ ያልቃል፣ ቮልቴጁም ከባትሪው እምብዛም አይበልጥም። ተገልብጦ ከገባ ግን ሪሌውን ባዘዙበት ቅጽበት ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ሪሌው ለመልቀቅ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ለውኃ ፓምፕ ይህ ምንም አይደለም።

የምፈራው ይህን የለመደ እጅ ቦርከና ወንዝ ዳር ወዳሉት የ220 ቮልት ኮንታክተሮች ሲሄድ ነው። ኤሲ ኮይል ላይ ዳዮድ በፍጹም አይገባም፤ በየግማሽ ዙሩ ሾርት ይሆናል። እዚያ የሚገባው 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው፣ ከኮይሉ ጎን ነው። ካፓሲተሩ ላይ ኤክስ2 የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ ለመስመር ያልተሠራው ሾርት ሆኖ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ትራንዚስተሩን ብቻ ቀይሮ ገንዘብ መቀበል ለእኔ ጥገና አይደለም። ሽንኩርቱ ውኃ የጠማው ገበሬ በዚያው ብልሽት ዳግመኛ እንዲመጣ መፍረድ ነው። ስለዚህ ቦርድ ለሚያመጣልኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ቦርዱ የሚያዘውን ሪሌ ወይም ቫልቭ አብራችሁ አምጡልኝ፣ አብሬ ልፈትሸው።