«በ3 ሰዓት» እና «ለ3 ሰዓት»፦ የመዝገብ ፕሮግራሞች የሚያምታቱት ጊዜ

ሰቆጣ ውስጥ «ውኃው በ3 ሰዓት መጣ» የሚል ሰው የመጣበትን ጊዜ ይናገራል፤ «ለ3 ሰዓት መጣ» የሚል ደግሞ የቆየበትን መጠን። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ፊደል ይለያቸዋል። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን የሰው ሒሳብ ያዛባል።

ለምሳሌ በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌ የሚኖሩ ሁለት አርሶ አደሮች የውኃ ፓምፕ በሰዓት ሒሳብ ተከራይተው፣ የሠራበትን ጊዜ በስልክ መተግበሪያ መዘገቡ እንበል። ፓምፑ 5 ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። መዝገቡ ግን 3:05 ይላል። ኪራዩ በዚህ ከተሰላ ያልተጠቀሙበትን 3 ሰዓት ሊከፍሉ ነው።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከአቆጣጠሩ ነው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። መነሻው በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ እኩለ ሌሊት ነው፤ ኢትዮጵያ ከዚህ መለኪያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የፕሮግራሙ ሠሪ የቆይታውን 300 ሰከንድ እንደ ቀን ሰዓት እንዲጻፍ ካዘዘ፣ ማሽኑ 5 ደቂቃውን ከመነሻው ላይ ይጨምርና የአገራችንን 3 ሰዓት ያክልበታል። ሰዓቱን ወደ ሐበሻ አቆጣጠር የሚለውጥ መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ ሌሊት 9:05 ብሎ ያርፈዋል፤ ያ መነሻ ሰከንድ በሰቆጣ ሌሊት 9 ሰዓት ነበርና።

ቆይታው ከአንድ ቀን ሲያልፍ ጉዳቱ ይገለበጣል። መብራት ለ26 ሰዓት ተኩል ቢጠፋ 95,400 ሰከንድ ነው። የቀን ሰዓት 24 ሲሞላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ የተሳሳተው መዝገብ 5:30 ብቻ ያሳያል፤ አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቷል። ትክክለኛው መንገድ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍሎ ሰዓቱን፣ ቀሪውን ለ60 አካፍሎ ደቂቃውን ማውጣት ነው። ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም በልምድ የበሰሉ ባለሙያዎችም ይስቱታል።

ተጠቃሚው መተግበሪያውን ለመፈተን አንድ ደቂቃ አስቆጥሮ ማቆም ይበቃዋል። 3:01 ካሳየ ለክፍያ አይታመንም። እስኪስተካከል ድረስ ሥራው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፎ፣ ሁለቱንም ወገኖች አስፈርሞ ልዩነቱን ማስላት ይሻላል።