በመጋዘን የሚቀመጡ ሽቦ አልባ መለኪያዎች ቦታቸው እንዴት ይታወቃል?

ሙቀትና እርጥበት የሚያሠጉትን ሸቀጥ ለሚያከማች ነጋዴ፣ ሴንሰር የተባለው አነስተኛ ሽቦ አልባ መለኪያ ታማኝ ጠባቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ሙቀት መጨመሩን ቢያስታውቅም፣ ከየትኛው ክምር ዘንድ ሆኖ እንደሚናገር ካልታወቀ፣ ሠራተኞች መጋዘኑን ሲያገላብጡ መድኃኒቱ ወይም ቡናው ይበላሻል። ስለዚህ ልኬት የሚጠቅመው ከነቦታው ሲነገር ነው።

«ጂፒኤስ አይበቃም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ በመጋዘን ውስጥ አይበቃም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ስለሆነ ምልክታቸው እጅግ ደክሞ ይደርሳል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የኮንክሪት ግንብም ያግደዋል። ከዚህም በላይ ተቀባዩ የትንሹን መሣሪያ ባትሪ ቶሎ ይጨርሰዋል።

በዚህ ምክንያት ሌላ ዘዴ ተፈልጓል። ጥቂት መሣሪያዎች በሜትር ተለክቶ በታወቀ ቦታ ይተከላሉ፤ እነዚህን መሪዎች እንበላቸው። የቀሩት ከመሪዎቹ ያላቸው ርቀት እየተገመተ ቦታቸው ይሰላል። ከአንድ መሪ 10 ሜትር የራቀ መሣሪያ በመሪው ዙሪያ ባለው ክብ ላይ በየትኛውም ነጥብ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለተኛ መሪ ሲጨመር የሚያጠራጥሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው አንዱን ይለያል። ሦስቱ ግን በአንድ መስመር ላይ መሰለፍ የለባቸውም።

ርቀት የሚገመትባቸው ዋነኛ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የራዲዮውን ምልክት ጉልበት መመዘን ነው። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብረት ሞገዱን ስለሚያንጸባርቅ፣ ውሃ የበዛበት ሸቀጥም ስለሚመጥጠው፣ ግምቱ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የምልክቱን ጉልበት በሕንፃ ውስጥ በየቦታው አስቀድመው መዝግበው፣ በኋላ ከመዝገቡ ጋር በማስተያየት ስሕተቱን በመካከለኛ ግምት ከ2 እስከ 3 ሜትር አድርሰውታል። ሆኖም የመጋዘን ክምር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ መዝገቡም መታደስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ሞገዱ የሚጓዝበትን ጊዜ መቁጠር ነው። ሞገዱ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ የ10 ቢሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን በ3 ሜትር ያዛባል። ስለዚህ ረቂቅ የሆነ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ሦስተኛው መሪዎቹን በቀጥታ ለማይሰሙ መሣሪያዎች የሚሆን ነው። መልእክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት ጊዜ እንደተላለፈ ይቆጠራል። 60 ሜትር በሚራራቁ ሁለት መሪዎች መካከል 4 ቅብብል ቢኖር፣ አንዱ ቅብብል 15 ሜትር ተብሎ ይገመታል፤ ከመሪው 2 ቅብብል የራቀውም 30 ሜትር ላይ ነው ይባላል። መሣሪያዎቹ ወጣ ገባ ሆነው ከተቀመጡ ግን ግምቱ ይዛባል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ አስመጪም ሆነ ገዢ ፕሮፎርማውን ሲቀበል ስንት መሪዎች እንደሚያስፈልጉ፣ ርቀቱ በየትኛው መንገድ እንደሚገመት፣ ስሕተቱም በባዶ አዳራሽ ሳይሆን ሸቀጥ በሞላበት መጋዘን ስንት ሜትር እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ክምሮቹ በ2 ሜትር የሚራራቁ ከሆነ፣ በ5 ሜትር የሚሳሳት መለኪያ ደኅናውን ክምር አስፈትቶ የሚበላሸውን ያስረሳል።