ያልተከደነ ጉድጓድ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን ስለሚተው ሰው የተሰጠ ሕግ አለ። የሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ከፋዩ የጉድጓዱ ባለቤት ነው። በገጠራችንም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሆኖ የኖረ ነገር አለ፤ እርሱም ተረስቶ የቀረ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት መጋዘን ነው።

መድኃኒቱ እንዴት ተከማቸ? ተምችና አንበጣ በተነሣ ጊዜ፣ ለወባም መከላከያ፣ ብዙ በርሜል ወደ አገር ገባ። ከፊሉ የተገዛ፣ ከፊሉም ከውጭ በዕርዳታ የተሰጠ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ የመጣው ወይም ዘግይቶ የደረሰው ሳይረጭ ጊዜው አለፈበት፤ በርሜሉም ዝጎ መርዙ ወደ አፈሩ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገው ቆጠራ በኢትዮጵያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ከ3,000 ቶን የሚበልጥ እንዲህ ያለ መርዝ ተገኘ።

«ታዲያ ለምን አይቃጠልም? ለምንስ አይቀበርም?» የሚል ጥያቄ ከምእመናን ይቀርብልናል። እንደ ዲዲቲ ያለው መርዝ ቢቀበር ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሌላውም ከዝናብ ጋር ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊወርድ ይችላል። በሜዳ ላይ ቢቃጠል ደግሞ እሳቱ በቂ ሙቀት ስለሌለው ጢሱ ራሱ መርዝ ይሆናል። በደህና የሚያቃጥለው ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሆነ ልዩ ምድጃ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ባለው ጊዜ 1,500 ቶን ያህሉ፣ የመከላከያ ልብስና ጭምብል ባደረጉ ሠራተኞች በአዲስ በርሜል እየታሸገ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እዚያ ተቃጠለ። ሳይታሰብ የተሰጠ ስጦታ ለማስወገድ ይህን ያህል ድካም ጠይቋል።

በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ብታዩ የሚከተለውን እንድታደርጉ እናሳስባለን።

1ኛ/ ልጆችና ከብቶች እንዳይቀርቡ አጥር ይደረግ።

2ኛ/ በቅን ልብም ቢሆን አትጥረጉ፣ አትጠቡ፣ አታንቀሳቅሱ፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ፈጥናችሁ አስታውቁ።

3ኛ/ የመድኃኒት በርሜልና ጀሪካን ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ለውኃም ሆነ ለእህል ማስቀመጫ አይሆንም። በገበያ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም አትግዙ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ለአንድ ወቅት ከሚበቃው በላይ መድኃኒት አንዘዝ፤ ያልጠየቅነውንም አንቀበል። እኛ በዕርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስንሰጥ ብቻ ሳይሆን የሰጠነው ነገር የት እንደ ደረሰ ስንጠይቅ ነው ባልንጀራችንን የምንወደው። የቆፈርነውን ጉድጓድ እንክደን፤ ሌላው ቆፍሮ የተወውንም አይተን አንለፍ።

እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።