ትዝታ የለመደ ጆሮና ማንዶሊን

የአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ሙዚቃ የሰማ ሰው አንድ ድምፅ ቶሎ ከጆሮው አይጠፋም። ከክላርኔቱና ከአኮርዲዮኑ መሀል ሾልኮ የሚወጣ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለና የሚርገበገብ የክር ድምፅ ነው። ክራር እንዳይሉት ይፈጥናል፤ ጊታር እንዳይሉት ይቀጥናል። ማንዶሊን ነው፤ የተጫወቱትም አንጋፋው የሙዚቃ ሰው አየለ ማሞ ናቸው።

ባንዱን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ይሰሙ የነበሩትን ዜማዎች አኮርዲዮን፣ ክላርኔት፣ ማንዶሊንና ኮንትራባስ በነበራቸው የድምፅ ጠባይ መልሶ ማሰማት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አልበማቸው ስሙ «ትውስታ» ነው። ከእነዚያ ዜማዎች ዘመን በኋላ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን መድረኩን ሲቆጣጠሩ ማንዶሊን ገለል ብሎ ነበር። በዚህ አልበም ግን ቦታው ባዶውን እንደቆየለት ያስታውቃል። ማንዶሊኑ ቢወጣ ዜማዎቹ ግማሽ ነፍሳቸውን ያጡ ነበር።

ማንዶሊን ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በብብት ተይዞ ታክሲ ይገባል። ስምንት ክሮች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ አራት ጥንድ ይሠራሉ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ፤ ይህም ከቫዮሊን ቅኝት ጋር አንድ ነው። ቫዮሊን የሚያውቅ ሰው ማንዶሊን ሲያነሳ ግራ እጁ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ጥንዶቹ ክሮች በትክክል አንድ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ በጥቂቱ እንኳ ቢረግብ ድምፁ ይጎመዝዛል። ስለዚህ ማንዶሊን ተጫዋች ከማንም በላይ ጆሮው ይሳላል።

ክሩ አጭርና የተወጠረ በመሆኑ አንዴ ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ለዚህ የተገኘው መላ መምቻውን (ፒኩን) በአንዱ ጥንድ ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ ያለ ማቋረጥ ማመላለስ ነው። ማሲንቆ በደጋኑ የሚያስረዝመውን ለቅሶ ማንዶሊን በዚህ መርገብገብ ያስረዝመዋል። ቀስ ያለ ትዝታ በማንዶሊን ሲጫወቱት ሆድ የሚያባባውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ከትዝታ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከዚህም ይጠልቃል። ሶልን መነሻ ያደረገ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አሉት፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ከእነዚህ አራቱ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላና ሚ፣ ጣት ሳያርፍባቸው የሚጮኹት የማንዶሊን ባዶ ክሮች ናቸው። የጎደለው ሲ ብቻ ነው፤ እሱም ላ በተባለው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወፍራሙን ክር ባዶውን መትቶ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ፍሬት ነክቶ፣ ወደ ሬ ክር ተሻግሮ ባዶውንና ሁለተኛውን ፍሬት ቢጫወት ትዝታን ከታች እስከ ላይ ወጣው ማለት ነው። ጊታርም በባዶ ክሮቹ በኩል አይታማም። ማንዶሊን የሚበልጠው በየክሩ መካከል ያለው ርቀት እኩል በመሆኑ ነው፤ በሶልና በሬ ክር የተለማመዱትን የጣት አካሄድ እንዳለ ወስደው በሬና በላ ክር ላይ ቢያኖሩት ዜማው መነሻውን ቀይሮ ይቀጥላል። ዘፋኟ «ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ትዝታ ማይነር ሲመጣ ግን ሲና ሚ በግማሽ ድምፅ ስለሚወርዱ ባዶው የሚ ክር አይነካም፤ እዚያ ላይ ጣቶች እውነተኛ ሥራ ይጀምራሉ።

ማንዶሊን የናፍቆት ድምፅ የሆነው እዚህ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ታሪክ ማንዶሊንን ከአጃቢነት አውጥቶ መሪ ያደረገው ሰው ቢል ሞንሮ ነው። በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል የገጠር ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ተሻምተው ስለወሰዱ ለእሱ የተረፈው ማንዶሊን ነበር ይባላል። እሱንም ድምፁ እንዳይበዛ ከስምንቱ ክሮች በአራቱ ብቻ እንዲጫወት ነበር ያዘዙት። ልጅ ሆኖ እናትና አባቱን አጣ፤ ቫዮሊን ይጫወቱ ከነበሩት አጎቱ ጋር ኖረ፤ በኋላም ስለ እኚሁ አጎቱ ዘፈነ። አገር ቤት፣ የተተወ ጎጆ፣ የሞተች እናት፣ ኮረብታው ላይ የቀረ ፍቅር የዘፈኖቹ ጉዳዮች ናቸው። ይህን ለትዝታ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሞንሮ ባንዱን ብሉግራስ ቦይስ ብሎ ሰየመ፤ በ1939 በናሽቪል ታዋቂው የሬዲዮ ዝግጅት ግራንድ ኦል ኦፕሪ ላይ መጫወት ጀመረ። በ1945 ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ ሲቀላቀል ሙዚቃው ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ፤ ስሙንም ከባንዱ ወረሰ። በጥንታዊው አደረጃጀት መሣሪያዎቹ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ኮንትራባስ ናቸው። ከበሮ የለም። የከበሮውን ሥራ የሚሠራው ማንዶሊን ነው፦ ኮንትራባሱ አንድ ሲል ማንዶሊኑ ሁለት ላይ ክሮቹን በአንድ ጊዜ ገርፎ፣ ወዲያው ጣቶቹን ላላ አድርጎ ድምፁን ይቆርጠዋል። ተራው ሲደርስ ደግሞ ግርፉን ትቶ ዜማውን ይቀበላል። በድሮው ልማድ ተጫዋቾቹ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ከበው ይቆማሉ፤ ተረኛው ወደፊት ይጠጋል፣ ሲጨርስ ወደኋላ ይላል። ፍጥነቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ግን ማንም ማንንም አይረግጥም።

ብሉግራስ የበቀለበት አካባቢ ብዙዎቹ የድሮ ዜማዎች በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ አምስቱም ድምፆች የእኛው ትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ይህ የዘር ግንኙነት አይደለም፤ በአምስት ድምፅ መዝፈን በብዙ የዓለም ሕዝቦች ዘንድ አለ። አፍሪካ ግን በብሉግራስ ውስጥ በሌላ በኩል አለች። ባንጆ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት ከሄዱት የመሣሪያ አሠራር የተወለደ ነው። ሞንሮ ራሱ በልጅነቱ ብዙ ከተማረባቸው ሰዎች አንዱ አርኖልድ ሹልትዝ የተባለ ጥቁር ጊታርና ቫዮሊን ተጫዋች መሆኑን ይናገር ነበር።

የሚገርመው ሁለቱ ሙዚቃዎች ለዓመታት በአንድ ከተማ ተጎራብተው መኖራቸው ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከብሉግራስ ዋና ዋና ማዕከላት አንዷ ነበረች፤ ዘ ሴልደም ሲን የተባለው ባንድ በ1971 የተመሠረተው እዚያው ነው። ጆን ደፊ የሚባለው ግዙፍ ድምፅ ያለው ማንዶሊን ተጫዋቹ እዚያው አካባቢ ባለችው በአሌክሳንድሪያ፣ በርችሚር በተባለው አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ ከባንዱ ጋር ሲጫወት ኖሯል። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ቀርቶ፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የድሮ ዜማዎችን ብቻውን የቀረጸው እዚያው ነው።

ከወዲያ ወደዚህ የመጣም አለ። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ቻርልስ ሰተን በ1960ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተማረ፤ በ1963 በሃሊም ኤል-ዳብህ በተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥም አገለገለ። በ1969 የቡድኑ አባላት ብሉ ናይል ግሩፕ ተብለው አሜሪካን ሲዞሩ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበዋል። እሱ ማሲንቆ ከለመደ፣ የእኛ ልጅ ብሉግራስ ማንዶሊን የማይለምድበት ምክንያት የለም።

ለዚህ ደግሞ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ ማሰብ ይከብዳል። ብሉግራስ ያደገባቸው የአፓላቺያ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ 2,037 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ የወጣ ሰው ባሕር ዛፉ መሀል ሲደርስ የመኪና ጩኸት ይርቀዋል። ማንዶሊን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ድምፅ ማጉያም አይፈልግም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዛፍ ሥር አራት አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ቢቀመጥ ለብሉግራስ የጎደለ ነገር የለም። ማንዶሊኑ በሁለተኛው ምት ይግረፍ፣ ማሲንቆው የቫዮሊኑን ቦታ ይያዝ፣ ክራሩ ከባንጆው ጋር ይሽቀዳደም። አስቸጋሪው ምቱ ነው፤ የእኛው ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይረግጣል፣ ብሉግራስ ሁለት ሁለት እያለ ይሮጣል። እጅ ይህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልምምዱ ግን ራሱ ደስታ ነው።

መሣሪያውን ለሚገዛ ሰው አንድ ምክር አለ። የጥሩ ማንዶሊን ፊት ስፕሩስ ከሚባል ለስላሳ እንጨት፣ ጀርባውና ጎኑ ከሜፕል ይሠራል። በእንጦጦ የበጋ ደረቅ አየር እንጨቱ ይኮማተራል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ በክረምት መልሶ ይነፋል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ማደር አለበት፤ በበጋ ደግሞ ጠብ የማይል እርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ ዕቃ ውስጥ አድርጎ አብሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከተሰነጠቀም ተስፋ አይቆረጥም። ሞንሮ ፍሎሪዳ ከአንድ ፀጉር ቤት በ150 ዶላር የገዛው፣ በ1923 የተሠራው ጊብሰን ማንዶሊን በ1985 ቤቱ በገባ ሰው ተሰባብሮ ነበር። የጊብሰን ባለሙያዎች ስንጥሩን በመርፌ ሥራ ትዕግሥት ገጣጥመው መለሱለት፤ እስኪሞት ድረስም ተጫወተበት።

ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት አንባቢ ካለ ማንዶሊን አንዴ ብቻ ይያዝ። ከሶል ይነሳ፣ ትዝታን ይውጣ ይውረድ፤ ከዚያ የአየለ ማሞንና የቢል ሞንሮን ቅጂዎች አከታትሎ ያድምጥ። የሚጫወትም ጓደኛ ካገኘ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ይዞት ይውጣ።