የተማሪ ግብና የሳምንት ሥራ

ለተማሪ በትምህርትና በሥራ ግቡ ላይ የሚሰጥ ድጋፍ የሚባለው፣ አንድ መምህር ወይም አማካሪ በቋሚ ቀጠሮ ከተማሪው ጋር እየተገናኘ የሚያካሂደው ሥራ ነው። ተማሪው የሚፈልገውን ለይቶ ይናገራል፤ ወደዚያ ለመድረስ በዚህ ሳምንት ምን እንደሚሠራ ራሱ ይወስናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሠራውንና ያልሠራውን ይዞ ይቀርባል። ማስጠናት ከዚህ ይለያል፤ አስጠኚ ትምህርቱን ያስረዳል። ሰብስቦ መምከርም ይለያል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ግን ብዙውን ጊዜ ድጋፍ ተብሎ የሚሰጠው ይኸው ምክር ነው፤ በሰልፍ ላይ ወይም ፈተና ሲቃረብ በአዳራሽ ይነገራል፤ ተማሪው ሰምቶ ይበተናል፤ በማግሥቱ ምን እንዳደረገ የሚጠይቀው የለም።

ተማሪን በቋሚ ቀጠሮ የመከታተል አሠራር ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ፣ የኔታ፣ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪና ዘራፊ ሆነው ጀማሪዎቹን በየቀኑ ይይዛሉ። ግሥ ያስረባሉ። ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለእነሱ ያቀርባል፤ ይታረምለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁና በዋዜማ በኩል ወደ ሥላሴና ወደ መወድስ ሲወጣ፣ የት እንደደረሰና ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅበት ሁልጊዜ ያውቃል። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል የሚቀመጥበት የዛሬው ትምህርት ቤት ያጣው ይህንን በቅርብ የሚይዝ ሰው ነው።

እጦቱ ዋጋ ያስከፍላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ፣ ተማሪው ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሆነ መለኪያ ሳይለካ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። በክፍሉ ከአንድ እስከ አምስት የሚወጣ ልጅ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ውጤቱ በስልኩ ሲመጣ ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተመልሰው የመጡት ልጆች ያለፋቸው ትምህርት ብዙ ነው። ድጋፉ መጀመር ያለበት እንግዲህ 12ኛ ላይ ሳይሆን 9ኛ ክፍል ላይ ነው።

የመጀመሪያው ውይይት ስለ ኑሮ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ መጥቶ የሚማር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ እሑድ እንጀራውን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም በእግሩ ነው። እንጀራው ሐሙስ ሲደርስ ወይ ሻግቷል ወይ ድርቆሽ ሆኗል። ለዚህ ልጅ «ቅዳሜና እሑድን ለጥናት ተጠቀምበት» ማለት ምንም አይጠቅመውም። የእሱ የጥናት ጊዜ የማክሰኞ፣ የረቡዕና የሐሙስ ምሽት ነው፤ ዕቅዱም በእነዚህ ምሽቶች ላይ ይሠራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳ ሲፈለግ ደግሞ ሥራው አስቀድሞ ይቀነሳል፤ አለበለዚያ ያልተፈጸመ ዕቅድ እየተከማቸ ልጁ ከቀጠሮው መሸሽ ይጀምራል። የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ተለይቶ መታየት አለበት። ወላጆች ልጃቸው ብቻዋን ቤት ተከራይታ መኖሯን ይፈራሉ፤ ከዘመድ ቤት የተቀመጠችው የቤቱን ሥራ ትሠራለች፤ የጋብቻ ጥያቄም ሊመጣ ይችላል። ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል፤ ይህን የሚያውቅ አማካሪ ችግሩን ቀድሞ ከሰማ ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ ሊደርስላት ይችላል።

ስለ ግብ ሲጠየቅ አብዛኛው ተማሪ «ሐኪም» ወይም «ኢንጂነር» ይላል። ይህ ሊናቅ አይገባም፤ ግን ሊመረመር ይገባል። ሐኪም ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል? ከሥራው የሚማርከው የትኛው ነው? በሽተኛ መርዳት ከሆነ አዋላጅ ነርስም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያም፣ የፋርማሲ ባለሙያም አለ። ልጁ እነዚህን ሰዎች አግኝቶ ስለማያውቅ የሚያየው ሁለት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰጠው የሳምንት ሥራ ሄዶ መጠየቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወርክሾፕ፣ ቡሬ አካባቢ ላለ ልጅም ወደ ዘይት ፋብሪካው ወይም ወደ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። አንድ ሠራተኛ ይህን ሥራ ለመያዝ ምን እንደተማረና ስንት ዓመት እንደፈጀበት ጠይቆ የመጣ ተማሪ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በደብተር ላይ ይታያል። «ስንት አመጣህ?» የሚለው ጥያቄ ለሪፖርት ይበቃል፤ ለመሻሻል የሚጠቅመው «የትኛውን፣ ለምን ሳትህ?» ነው። ተማሪው ከሞዴል ፈተና የሳታቸውን ጥያቄዎች በሦስት ረድፍ ይጽፋል፤ ትምህርቱን ሳያውቀው የሳተውን፣ እያወቀው የተሳሳተውን፣ ጊዜ አልቆበት ያልደረሰበትን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙ ጊዜ አራተኛ ረድፍ ያስፈልጋል፤ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ሳይረዳ የሳተውን። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ያውቃል፤ ስሌቱም አይሳሳትበትም። ግን መኪናው «ከቆመበት ተነሥቶ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ስላልገባው የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን አያውቅም፤ ጥያቄውንም ይተወዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ፊዚክስ ደግሞ ማስጠናት ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው በጥያቄዎች ውስጥ የሚመላለሱ ሠላሳና አርባ የእንግሊዝኛ ሐረጎች ናቸው፤ ለዚህም የሦስት ምሽት ሥራ ይበቃዋል። ይህን ያገኘው ራሱ በጻፈው ረድፍ በመሆኑ ሥራውን ሳይለመን ይሠራዋል።

የቀጠሮው ርዝመት ሃያ ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው፤ ዋናው አለመቋረጡ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ቤቲንገርና ሬቸል ቤከር ከ13 ሺህ በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ያጠኑት ይህንኑ ያጠናክራል። በዕጣ ተለይተው በስልክና በመልእክት አማካሪ የሚከታተላቸው ተማሪዎች ከስድስት ወር በኋላ በትምህርታቸው ላይ የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ በአምስት የመቶኛ ነጥብ ያህል ይበልጥ ነበር፤ ክትትሉ ካበቃ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ስልክ ይህን ያህል ከሠራ፣ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት የማቻከልም ሆነ የእነማይ ወረዳ ልጅ በአጭር ጥሪ ሊያዝ ይችላል፤ ኔትወርክ እስካለ ድረስ።

11ኛ ክፍል ላይ ተማሪው የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። ምርጫው በጓደኛ እንዳይወሰን የሁለት ዓመት ውጤቱና የጠየቃቸው ሥራዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው መንገድ ከፈተናው በፊት መነገሩ ነው። ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ቴክኒክና ሙያ ከደረጃ 1 እስከ 5 እንዴት እንደሚያስኬድ፣ በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በእንስሳት ጤና የሠለጠነ ሰው የት እንደሚቀጠር ወይም ምን ይዞ ሱቅ እንደሚከፍት በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ የተረዳ ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ቢል ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ውጤት ከመጣ በኋላ የሚነገር ሙያ የወደቀ ሰው ዕጣ መስሎ ስለሚሰማ ማንም አይሰማውም። በዚህ በኩል የጎጃም ትምህርት ቤቶች የሚያጠፉት ጥፋት ትልቅ ነው፤ ብዙ ብሩህ ልጆች ከውጤት በኋላ ዓመትና ሁለት ዓመት ቤት ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ስደት ያመራሉ።

ወላጅም ይህን አብሮ መስማት አለበት። አባት በግ ሸጦ ኪራይ ሲከፍል የኖረው «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» ብሎ ነው። ከዚህ አባት ጋር የሚደረገው ንግግር በገበያ ቀን፣ ከተማ ሲመጣ፣ በአክብሮት ተቀምጦ፣ ልጁ ባለበት ቢሆን ይበጃል። አማካሪው በልጁ ፋንታ አይናገርም፤ ልጁ ራሱ «አባቴ፣ እስካሁን ይህን ሠራሁ፤ ይህኛው ካልሆነ ይህንን አስቤአለሁ» ብሎ እንዲያስረዳ አስቀድሞ ያለማምደዋል።

ዩኒቨርሲቲ ለገባ ሥራው ይቀጥላል። ፍሬሽማን ዓመት ላይ የሚያዘው ጂፒኤ የዲፓርትመንት ምርጫን በአብዛኛው ይወስናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለመጀመሪያ ዓመቱ እንደ ቅኔ ቤቱ ከፍ ያለ ተማሪ ሊሆነው ይችላል። አንድ አማካሪ በሺህ ለሚቆጠር ተማሪ መድረስ ስለማይችል፣ የአማካሪው ድርሻ እነዚህን ታላላቆች ማሠልጠንና ከአቅማቸው በላይ የሆነውን መቀበል ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ በጦርነቱ ሰው የሞተበት፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ተማሪ በዕቅድና በደብተር አይረዳም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ መድረስ አለበት።

ቀጠሮው በየሳምንቱ ይጀመራል፤ ተማሪው የራሱን ስሕተት ለይቶ የራሱን ሥራ መመደብ ሲለምድ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቀጥሎም በየወሩ ይሆናል። መምህሩ ቢዛወር ወይም ተማሪው ትምህርት ቤት ቢቀይር ደብተሩ ከተማሪው ጋር ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ደጋፊም ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል።