ለደጋው ማዕድ ጨው መቼ ይግባ?

ጥምቀትን ከልጆችዎ ጋር ጎንደር አክብረው፣ ከአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር መልስ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደጋው ይወጣሉ እንበል። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ካስጓዘዎት በኋላ ደባርቅ ያደርስዎታል። እዚያ የሚጠብቅዎት ማዕድ ለከተማ ልጅ ብርቅ ነው፤ የገብስ ቆሎ፣ ትኩስ ቂጣ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ሽሮ። ቤት ውስጥ ብሉ ተብለው የሚለመኑ ልጆች እዚህ ሲሻሙ ያያሉ። ሲመለሱም በሶው፣ ሽሮውና በርበሬው ተቋጥሮ መኪና ላይ ይጫናል። አሠራሩም ከአክስትና ከአያት ተጠይቆ አብሮ ይመጣል።

ስለ ሽሮው ሲጠይቁ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስለ ኮረሪማው፣ ስለ በሶብላው በዝርዝር ይነገርዎታል። ጨው መቼና እንዴት እንደሚገባ ግን የሚጠይቅም የሚናገርም እምብዛም የለም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ በተረሳው ጉዳይ ላይ ያተኩራል።

ማዕዱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ገብስ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚያግዝ አሰር አለው፤ ባቄላና ሽምብራ ከእህል ጋር ሲበሉ አንዱ የሌላውን የፕሮቲን ጉድለት ይሞላል። አንድ ነገር ግን ከዚህ ገበታ ላይ ይጎድላል፤ እርሱም አዮዲን ነው። አዮዲን በአፈር ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ተዳፋት አገር ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት ጠርገው ወስደውታል። አፈሩ ካጣው እህሉም ያጣዋል፤ በዚያ ሣር የሚያድጉት ከብቶች ወተትም እንዲሁ። ጣና ቅርብ ነው፣ ዓሣ እንበላለን ብለው የሚጽናኑ አሉ። ይሁን እንጂ የሐይቅ ዓሣ የባሕር ዓሣን ያህል አዮዲን የለውም።

ችግሩ አዲስ አለመሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው እንቅርት በየቤቱ የሚታወቅ ሕመም ስለነበር ነው። እንቅርት የሚወጣው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ለመሰብሰብ ሲታገል ስለሚያብጥ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዳባት ወረዳ ባካሄዱት ጥናትም እንቅርት በትምህርት ዕድሜ ላይ ባሉ ሕፃናት ዘንድ አሁንም የኅብረተሰብ ጤና ችግር ሆኖ አግኝተውታል።

እብጠቱ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል። ነፍሰ ጡር እናት በቂ አዮዲን ካላገኘች ፅንሱ ሊጨነግፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል፤ የተወለደውም የአእምሮ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ከተወለደ በኋላ አይመለስም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን እንዲያገኙ የሚመክረው። መጠኑ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሰውነታችን ብዙ ስለማያጠራቅም በየጊዜው መተካት አለበት።

ጃፓኖች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። የቤት ሾርባቸውን የሚቀቅሉት ኮምቡ በሚባል የባሕር ተክል ሲሆን፣ ይህ ተክል በአዮዲን እጅግ የበለጸገ ነው። በዚህም ምክንያት ጨዋቸው አዮዲን ሳይጨመርበት አብዛኞቹ ከበቂ በላይ ያገኛሉ። እንዲያውም ለዓለም ገበያ የሚቀርበው አዮዲን በአብዛኛው የሚመጣው ከቺሊና ከጃፓን ነው። የደባርቅ እናት ግን ኮምቡ የላትም፤ ያላት ጨው ነው።

ጨውም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። በጥንት ጊዜ ከአፋር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በኋላ አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ጀመር፤ በ1990 ዓ.ም በተነሳው ጦርነት ያ መንገድ ተዘጋ። አፍዴራ የአገሪቱ ዋና የጨው ምንጭ ሆነ። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። ደንቡ መኖሩ ግን ወጥ ቤትዎ ድረስ ገብቶ ድስቱን አይከድንልዎትም።

አዮዲን ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያባክኑታል። ስለዚህ ከአክስትዎ የተማሩትን ሽሮ ሲሠሩ ሽንኩርቱን ያቁላሉ፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ፤ ውኃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሱ ያማስሉ፤ በቀስታ እሳት እስኪወፍር ይተዉት። ጨው የሚገባው ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ነው። ለምስርና ለድንች ወጥም ይኸው ይሠራል። የሐበሻ ጎመን ታይሮይድ አዮዲንን በደንብ እንዳይጠቀም የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለው በጥሬው ሳይሆን በሚገባ ተቀቅሎ ይበላ፤ ጨው ግን እዚያም በመጨረሻ ይግባ። በሶ በዚህ ረገድ የተባረከ ምግብ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አያስፈልገውም፤ በውኃ በጥብጠው ቁንጥር ጨው ሲያደርጉበት አዮዲኑ እንዳለ አፍ ውስጥ ይገባል።

በርበሬ ላይ ግን ልማዳችን ይፈትነናል። ብዙ እናቶች በርበሬውን ሲያስፈጩ ጨው ይቀላቅሉበታል። ይህ ጨው ወራት ይቀመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ከሽንኩርቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ይቁላላል። አዮዲኑን ያስገኛል ብለው አይቁጠሩት፤ ቢችሉ በርበሬውን ያለ ጨው ያስፈጩ። ሌላው ደረቅ ጨው ቆሻሻ አለው ተብሎ በውኃ መታጠቡ ነው። አዮዲኑ የሚረጨው በጨው ፍሬው ላይ ስለሆነ ያጠበ ሰው አዮዲኑን ከእጣቢው ጋር ደፋው ማለት ነው። ንጹሕና የታሸገ ጨው፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ይግዙ። በምላስ ቀምሶ የሚለየው የለም። አንድ ጠብታ መመርመሪያ ፈሳሽ ግን አዮዲን ያለው ጨው ላይ ሲያርፍ ወደ ሐምራዊ ሰማያዊ ይለውጠዋል።

ይህን ስንል ጨው አብዙ ማለታችን አይደለም። የሚመከረው ከሁሉም ምግብ ተደማምሮ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፤ ለልጆች ከዚያም ያንሳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙ የነገረውን መጠን ይጠብቅ፤ በዚያችው ትንሽ ጨው ውስጥ አዮዲኑ መኖሩን ብቻ ያረጋግጥ።

በጉዞዎ ላይ አያትዎ ወይም አክስትዎ አንገታቸው ላይ የቆየ እንቅርት ቢያዩ «ምንም አይደል፣ የዘር ነው» ብለው አይለፉት። በባህላዊ መንገድ መብጣትና መተኮስ ለደም መፍሰስና ለቁስል ይዳርጋል። የአዮዲን ክኒንም በግምት ገዝተው አይስጧቸው። ለዓመታት ያበጠ ዕጢ በአንድ ጊዜ ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ደግሞ ቀጠሮ አይስጡት፤ ጎንደር ከተማ ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ይዘዋቸው ይውረዱ።

ሽሮና በሶ ሲቋጠርልዎት ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ለአክስትዎ አዮዲን ያለው ጨውና ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ወይም የጠርሙስ ዕቃ ይውሰዱላቸው። ጨዋቸው ከምድጃው አጠገብ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ወደዚያው ዕቃ ገልብጠው፣ ጭስና ፀሐይ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አብረው ያስቀምጡት።