ስቶፕ ሎስ እንዴት ይሠራል? እልህስ?

አንድ አክሲዮን 100 ዶላር ገብቶ አሁንም እየወጣ ነው እንበል። «ይሄስ በዛ፣ መውረዱ አይቀርም» ያለ ነጋዴ ከደላላው ተበድሮ ይሸጠዋል። 80 ሲገባ ገዝቶ ይመልስና ወለድና ክፍያውን ችሎ የቀረውን ኪሱ ይከታል። 200 ከገባ ግን ያው ዕዳ ነውና በ200 ገዝቶ ይመልሳል። የአክሲዮን ዋጋ ቢወርድ ቢወርድ ዜሮ ነው፤ ሲወጣ ግን ጣሪያ የለውም።

ስለዚህ ነጋዴው «108 ከነካ ገዝተህ ዝጋልኝ» ብሎ አስቀድሞ ያዛል። ስቶፕ ሎስ ይኸው ነው። 108 ሲነካ ደላላው በተገኘው ዋጋ ይዘጋል፤ ልክ በ108 ለመዘጋቱ ዋስትና የለም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት የነበረውን ወለል በድንገት ሲለቀው፣ ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ዩሮ ገዝተው የነበሩ ብዙዎች ስቶፓቸው ካዘዙበት እጅግ ርቆ ተዘጋ።

እንዲህ ያለው ቀን ግን ብርቅ ነው። የየዕለቱ በላተኛ እልህ ነው። ዋጋው 107.50 ሲደርስ ሰውየው «ትንሽ ልታገሠው» ብሎ ስቶፑን ወደ 112 ያሸሻል፤ ቀጥሎ ወደ 118፤ በመጨረሻ ጭራሽ ያነሳዋል። የባሰበት ደግሞ ይጨምርበታል። የቤሪንግስ ባንክ ነጋዴ የነበረው ኒክ ሊሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ከቆቤ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የጃፓን ገበያ ሲወርድ፣ ይነሳል ብሎ ግዢውን አበዛ፤ ኪሳራውን 88888 በተባለ ሒሳብ ደበቀ። ወደ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተው ባንክም በ1 ፓውንድ ተሸጠ።

ስቶፕ የሚቀመጠው ሐሳባችሁ ስሕተት መሆኑ የሚታወቅበት ቦታ ላይ ነው። አክሲዮኑ ቀደም ሲል 107 ደርሶ ተመልሶ ከነበረ፣ ያንን ጫፍ ካለፈ «ይወርዳል» ማለት አያዋጣም፤ 108 የመጣው ከዚህ ነው። የምትሸጡትን ብዛት የሚወስነው ከሸጣችሁበት 100 እስከ ስቶፑ ያለው ርቀት ነው። ማጣት የምትችሉት 400 ዶላር ከሆነ፣ ለ8 ሲካፈል 50 አክሲዮን ይሆናል። ስቶፑ 116 ላይ ይሁን ካላችሁ 25 ብቻ ሽጡ። አብዛኛው ጀማሪ ግን 200 ሸጦ ነው ስቶፕ የት ላድርግ የሚለው።

ስቶፑን ወደ ትርፍ ማስጠጋት ይቻላል፤ ወደ ኪሳራ ግን ፈጽሞ አታሽሹት። ከመታችሁም ያንኑ አክሲዮን በዚያው ቀን ዳግም አትሽጡት፤ ነገ አዲስ ምክንያት ካገኛችሁ ትመለሱበታላችሁ።